ሐ የተሰጣት ፀሐይ

«ሐ! ሐ ሰጠሽው! ኬሚስትሪ ያስጠናሽን ሰው፣ ዩኒፎርም የገዛልሽን ሰው፣ እንደ ሰነፍ ተማሪ ሐ ብለሽ ጻፍሽበት!» አለች ብርቅዬ። ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ ስታሳርፈው ክዳኑ ዘሎ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለና ቡፌው ሥር ገባ፤ ጎንበስ ብሎ ሊያወጣው የሞከረ ግን አልነበረም። ታናሽ እህቷ ሰናይት ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በሩ አጠገብ ቆማለች። የብርቅዬ ባል መምህር እንድሪያስ ሶፋው ጥግ ተቀምጦ ጫማውን ይወለውላል፤ የግራ እግሩ ጫማ ማብራት ካበራ ቆይቷል፣ እሱ ግን ያንኑ ደጋግሞ ከመወልወል አላረፈም። ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤት ሬዲዮ ድምፁ ቀስ ብሎ ሲቀነስ ተሰማ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ያሉ የኪራይ ቤቶች ግድግዳቸው ስስ ነው፤ ከጥል የሚጣፍጥ ዜና ደግሞ የለም።

«እትዬ፣ ሐ የሰጠሁት ለልኬቱ ነው። ለጋሼ አይደለም።»

«ልኬቱን የለካው ማን ነው ታዲያ? ጅብ ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ ጣሪያ ላይ እየወጣ ፊቱ የከሰለው ማን ነው?» ብርቅዬ ወደ ባሏ ዞረች። «አንተስ ምን ይዘጋሃል? ተናገር እንጂ!»

እንድሪያስ ቀና ብሎ ሰናይትን አያት። አስተያየቱ የቁጣ አልነበረም፤ አደራሽን የሚል ነበር። ሰናይት ሐ ያለችበትን ምክንያት ለእህቷ መናገር ትችል ነበር። በሁለት ቃል የሚያልቅ ነገር ነው። ግን ሁለቱ ቃላት የእሱ ነበሩ፤ ስለዚህ የቦርሳዋን ማንገቻ ብቻ አስተካከለች፣ ይህም እህቷን ይበልጥ አነደዳት። «አየህ? መልስ የላትም! ስምህ የምርምር ሰንጠረዡ ላይ ቢወጣ ለሦስተኛ ዲግሪ ውጭ ልትሄድ መሆኑን ስታውቅ ዓይኗ ቀላ። ሌላ ምን አለው!» ሰናይት ሻይዋን ሳትጠጣ ወጣች። የአጥሩን በር ስትዘጋ እህቷ ማልቀስ ጀምራ ነበር።

የሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ሚያዝያ ነው፣ ቅዳሜ። ከላንቴ ሙዝ የጫኑ አይሱዙዎች አስፋልቱን ጭቃ አልብሰውታል፤ ደመናው ከሰሞኑ ጀምሮ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ላይ አልነሣ ብሏል። ሰናይት ባጃጅ ውስጥ ከሁለት ሴቶችና ከአንድ ዘንቢል ቲማቲም ጋር ተጠጋግታ ወደ ሥራዋ ሄደች። ሴቶቹ ቲማቲም ስለ መወደዱ ያወራሉ፤ አንደኛዋ ዘወር ብላ «አይደለም እንዴ እህቴ?» ስትላት ሰናይት ምን እንደተባለ ሳታውቅ «ነው» አለች።

የምርምር ማዕከሉ ከከተማው ወጣ ብሎ ግራር መሐል ያለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ሰናይት በኮንትራት የተቀጠረችው ቁጥር እንድትሰበስብና እንድትመዝን ነበር። የብርሃንን ኬሚስትሪ ለሚያጠኑ ሰዎች የማጣቀሻ ሰንጠረዥ ይዘጋጃል፤ ብርሃን ሲነካቸው የሚለወጡ ንጥረ ነገሮች በምን ያህል ብርሃን ምን ያህል እንደሚለወጡ፣ የየአገሩ ፀሐይ ኃይልም ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ነው። ይህን ከየመጽሔቱና ከየመመረቂያ ጽሑፉ ለቅማ ታወጣለች። አንዱን ነገር አምስት ላቦራቶሪ ለክቶት አምስት የተለያየ ቁጥር ሲያወጣ የትኛው እንደሚታመን መለየት የእርሷ ሥራ ነው፤ በደንብ ለተለካው ሀ፣ በጥንቃቄ ለሚወሰደው ለ፣ ለሚጣለው ሐ ትጽፋለች። ከመልመድ ብዛት ቁጥር ስታይ ከጀርባው ክፍል ይታያት ጀምሯል፤ መጋረጃው የሳሳ ክፍል፣ ቴርሞሜትሩ ውሸታም የሆነበት ክፍል፣ ለምሳ የቸኮለ ሰው ልኬቱ ሳይረጋ መዝግቦት የወጣበት ክፍል። እነዚያን ሰዎች አታውቃቸውም። ሐ ስትሰጣቸውም አይሰሟትም።

የአርባ ምንጭን ፀሐይ የለካው ግን እዚሁ ማዕከል የሚሠራው እንድሪያስ ነው። አረንጓዴ ውሁድ በቀጫጭን የብርጭቆ ቱቦዎች ሞልቶ ጣሪያ ላይ ያሰጣል፤ ውሁዱ በተለወጠው መጠን የፀሐይዋ ኃይል ይሰላል። የእሱ ቁጥር በዚሁ ዓይነት ቆላ ከተለኩት ከሌሎቹ ሁሉ በእጅጉ ይበልጥ ነበር። ሰናይት መጀመሪያ አልተጠራጠረችም። ውሻ እንኳ ከጥላ ጥላ እየዘለለ የሚሄድበት አገር ነው፤ ፀሐይዋ ከሌላው ብትበረታ ምን ይገርማል? ደግሞም ቁጥሩ ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አልነበረም። የምንጭና የወንዝ ውሃ በጠራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ ጣሪያ ላይ ሲጋደም ፀሐይ የሆድ በሽታ የሚያመጣውን ተሕዋስ ትገድለዋለች፤ ለምን ያህል ጊዜ ይጋደም የሚለው የሚሰላው ከፀሐይዋ ኃይል ነው። በእንድሪያስ ቁጥር ግማሽ ቀን ይበቃል። በሌሎቹ ከሆነ ሙሉ ቀን ያስፈልጋል፣ ደመና ሲሆን ሁለት ቀን። የእንድሪያስ ቁጥር ስሕተት ከሆነ በግማሽ ቀን የሚጠጣው ውሃ ያው ጠዋት የተቀዳው ውሃ ነው፤ ልዩነቱ መሞቁ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ማጣሪያ ወረቀት ፍለጋ የማዕከሉ ጨለማ ክፍል ገባች። አረንጓዴው ውሁድ የሚቀመመውም የሚነበበውም እዚያ ነው፤ ቀይ ብርሃን ብቻ አይነካውምና ክፍሉ በቀይ አምፖል ይሠራል። መብራቱን ስታበራ ከላይ የተንጠለጠለው ቀይ አምፖል አልነበረም። ተራ አምፖል ነው፤ በጥፍር ቀለም ተቀብቷል። ቀለሙ በሙቀት ተሰነጣጥቆ በአንድ ጎኑ ተልጧል፤ በተላጠው በኩል ነጩ ብርሃን ወርዶ ጠረጴዛው ላይ፣ ቱቦዎቹ በሚደረደሩበት ቦታ ላይ ተኝቷል። ውሁዱ ጣሪያ ከመውጣቱ በፊት እዚሁ መለወጥ ጀምሯል ማለት ነው፤ የእንድሪያስ ፀሐይ ከፊሏ አምፖል ነበረች። ሰናይት ብዙ ቆማ አየችው። የጥፍር ቀለሙን ታውቀዋለች፤ እህቷ ለፋሲካና ለሰርግ የምትቀባው ነው።

በማግስቱ ከሥራ አብረው ሲመለሱ ጠየቀችው። እንድሪያስ ጥቂት መንገድ ከሄዱ በኋላ ነገራት። ሥራው ሊጀመር ሲል የግዥ ክፍሉ ቀይ አምፖል የሚባል ነገር ዝርዝሩ ውስጥ የለም አለው፤ ከኪሱ ሊገዛ ወደ ወይዘሮ በለጥሽ ሱቅ ሄደ። ከተማው ውስጥ ቀይ አምፖል ማን እንደሚገዛ ሁሉም ያውቃል፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ያሉት መጠጥ ቤቶች ናቸው። በለጥሽ ሱቁ ሙሉ ሰው እየሰማ «ውይ መምህር! ብርቅዬ ምን አጎደለችብዎት? ነው ወይስ ቤት ሊከፍቱ ነው?» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እንድሪያስ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው ነው። «ሻማ ነው የፈለግሁት» ብሎ አንድ ፓኮ ሻማ ገዝቶ ወጣ። የጥፍር ቀለሙን ከሚስቱ መሳቢያ የወሰደው በዚያው ዕለት ነው። «ሲቀባ ቀይ ነበር፣ ሰናይት። ሲሠራበት ነው የተላጠው። መቼ እንደጀመረው አላወቅሁም፤ አንድ ቀን ሳይ ተልጧል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ልኬቱ አልቋል።» ከዚያ ቆም አለና «ለብርቅዬ እንዳትነግሪያት» አላት። «በለጥሽ ያለችውን ከሰማች ዝም አትልም። ከተማው ሁሉ ይሰማል።»

ዶክተር ሀብተሚካኤል፣ የማዕከሉ ኃላፊ፣ የሰንጠረዡን ረቂቅ ፊታቸው ዘርግተው ጠበቋት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሠራተኛ ሲታመም ጠይቀው፣ ሲሞትበት ቀብረው የሚውሉ ሰው ናቸው። ሐ የተጻፈበትን ረድፍ በጣታቸው እየነኩ «ይህን እንዴት አድርገን ነው ሰኞ የምንልከው?» አሏት። «ከአርባ ምንጭ የሚወጣ ሰንጠረዥ የአርባ ምንጭ ፀሐይ ከሌለበት ሙሽራ የሌለበት ሰርግ ነው።»

«ጨለማ ክፍሉ ብርሃን ያስገባል ዶክተር። ገብተው ይዩት።»

«ዛሬ ቢያስገባ የዛሬ ዓመት ያስገባ ነበር ማለት ነው? ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የነበረው እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ምንም አላለም።»

«እንደገና እንለካው።»

«በምን? ውሁዱ አልቋል። ፕሮጀክቱ ሰኔ ላይ ይዘጋል። ፀሐይስ የታለች?» በመስኮቱ አሻግረው አሳዩዋት። ሁለቱን ሐይቆች የሚለየውን ተራራ፣ የእግዜር ድልድይን፣ ከግማሹ በላይ ደመና ውጦት፣ አባያ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም ነበር። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሁን እንደ ታላቅ ወንድም ልንገርሽ። የቤት ነገር ቤት ይለቅ። ሰንጠረዥ ላይ አይውጣ።»

«ቤት ምንም የለም።»

«ብርቅዬ ጠዋት ደውላልኝ ነበር» አሏት፤ በሐዘኔታ። «አይዞሽ። አስር ሰዓት ላይ ከአቶ ባዘዘው ጋር እንመጣለን። በሽምግልና ያልቃል።»

ሰናይት ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ግድግዳውን ተደገፈች። ለሳምንት ያህል ስታስብ የነበረው ቁጥሩ ስንት መሆን እንዳለበት ነበር። አሁን ጥያቄው እርሷ ከእህቷ ባል ጋር ምን ቂም እንዳላት ሆኗል፤ ለዚህኛው ደግሞ ማስረጃ አይቀርብበትም።

አግዳሚው ላይ የኦቾሎ መንደር የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ኤርጫፎ ተቀምጧል። ከተራራው ጠዋት ወርዶ ነው፤ ጃንጥላውን ጉልበቱ መሐል አቁሞ ወረቀት ይዟል። ሰናይትን ከነቤተሰቧ ያውቃታል፤ አክስቷ የመንደሩ ሰው ናት። «እህቴ፣ አለቀ?» አላት።

«አላለቀም፣ አቶ ኤርጫፎ።»

«ማኅተሙ እኮ አርፏል» ብሎ አሳያት። እውነትም ማኅተሙ አርፏል። የጠርሙስ ውሃ አያያዝ መመሪያ ይላል፤ ከሥሩ «ጠርሙሱን ለ» ብሎ ጥቂት ነጠብጣብ፣ ከዚያ «ቀን ፀሐይ ላይ አጋድሙ» ይላል። ነጠብጣቡ ላይ ገና ምንም አልተጻፈም።

«ሙሉ ቀን ብለው ይንገሯቸው። ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ። ደመና ከሆነ ሁለት ቀን።»

ኤርጫፎ ሳቀ። «ሸማ ሲሠራ የዋለ ሰው ምሳ ላይ ይጠማል። ማታ ድረስ ጠብቅ ስለው ወረቀቱ እንዲህ ይላል ወይ ይለኛል። ወረቀቱ ካለ እሺ ነው፤ ማኅተም አለበት። እኔ ካልኩት ግን ኤርጫፎ ማነው? አምና ስለ ሽንት ቤት ተናግሬ ከግማሹ ጎረቤት ጋር እስከ ዛሬ አልታረቅንም።» ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፈ። «አንቺ ውስጥ ካሉት ጋር ተስማሚ፣ እኔ እወስዳለሁ። አክስትሽም ጠርሙሶቹን ጣሪያዋ ላይ ደርድራ እየጠበቀች ነው። የልጅ ልጆቿ እሷ ጋ ናቸው።»

ቤት ስትመለስ ብርቅዬ ከሐይቁ የመጣ ዓሣ ገዝታ እየበለተች ነበር። ጠዋት ያለቀሰችበት ዓይኗ አብጧል፤ ፀጉሯን ግን አበጥራ አዲሱን ሻሽ አስራለች። ሶፋው ላይ የዳንቴል ልብስ ተነጥፏል፣ ከጎረቤት ሦስት ወንበር መጥቷል። ሰናይት ሳይነግሯት ቢላ አንሥታ ሽንኩርት መክተፍ ያዘች። እህትማማቾቹ ጎን ለጎን ቆመው ሲሠሩ «ጨው አቀብዪኝ» ከማለት በቀር የተናገሩት የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ብርቅዬ በመዳፏ ጀርባ የሰናይትን ግንባር ነካ አደረገችና «ምሳም አልበላሽ» አለች፤ መልሱን ግን አልጠበቀችም። እንድሪያስ ጓሮ ውሃ ሊቀዳ ሲወጣ ሰናይት ተከተለችው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ይናገራሉ?»

«እናገራለሁ» አለ፤ ባልዲው ሞልቶ እስኪፈስ ከቧንቧው ዓይኑን ሳያነሣ። «አስቤበታለሁ። እናገራለሁ።»

አቶ ባዘዘው የማዕከሉ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ጋቢያቸው ከትከሻቸው የማይወርድ ሽማግሌ። ባልና ሚስት አስታርቀዋል፣ የድንበር ጥል ፈትተዋል፣ ሰው የገጨ ሾፌር ከሟች ቤተሰብ ጋር አቀማምጠዋል። የፀሐይ ልኬት ግን ገጥሟቸው አያውቅም፤ ገጥሞኛልም ብለው አላሰቡም። ከዶክተሩ ጋር ገቡ፤ ኤርጫፎም ወረቀቱ ሳይሞላለት አይሄድምና ዶክተሩ በመኪናቸው ይዘውት መጥተዋል፤ በሩ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። አቶ ባዘዘው ቆመው መረቁ፤ ቤቱ የሰላም እንዲሆን፣ የተከፋው እንዲስቅ፣ የራቀው እንዲቀርብ። አሜን ተባለ። ከዚያ ብርቅዬ ተናገረች። ስለ ዩኒፎርሙ፣ አንድ ክፍል ለሁለት ከፍለው ስለኖሩበት ጊዜ፣ ባሏ ለሰናይት ፈተና ሌሊት ስለቆመው ጸሎት ተናገረች። የዋሸችው አንድም ቃል አልነበረም።

«ልጄ፣ አንቺስ?» አሉ አቶ ባዘዘው።

«አባባ፣ እኔ ከጋሼ ጋር አልተጣላሁም።»

«ወይ ጉድ! አልተጣላሁም የሚል ነው እኮ የጠናበት» አሉ፤ ዶክተሩ ሳቁ። «ከልጅ ጋር አንከራከርም። እስኪ መምህር፣ አንተ ተናገር።»

እንድሪያስ ተነሣ። እጆቹን አጣምሮ መሬት መሬት እያየ ቆመ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ልጅቷ ያየችው ትክክል ነው። ቁጥሩ አይሆንም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ክፍሉ ውስጥ…»

«እሰይ!» አቶ ባዘዘው ጉልበታቸውን መቱ። «እንዲህ ነው ትልቅ ሰው! አያችሁ? ታናሹ አጥፍቶ ታላቁ በራሱ ላይ ይወስዳል። ስንቱን አስታርቄያለሁ፣ ሳይለመን ጥፋቱን የሚሸከም እንዲህ ያለ ሰው ግን በስንት ጊዜ አንዴ ነው!» ዶክተሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ «እንድሪያስ ድሮም እንዲህ ነው» አሉ። ብርቅዬ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ፊቷ ላይ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ኩራት ታየ።

እንድሪያስ እንደቆመ ነበር። «የለም፣ እውነቴን ነው…» አለና ወደ ሚስቱ አየ። ሰናይት የቀረውን ጠበቀች። አምፖል የሚለው ቃል ከንፈሩ ላይ እንደደረሰ ታያት። ሚስቱ እንደ ሙሽራ ቀና ብላ እያየችው ነው። እንድሪያስ ተቀመጠ።

«አባባ፣ ጋሼ የሚሉት ለትሕትና አይደለም» አለች ሰናይት፤ ድምጿ ካሰበችው በላይ ቀጠነባት። «በእርግጥ ተበላሽቷል ነው የሚሉት። ይጠይቋቸው።»

«አሁንም?» አለች ብርቅዬ።

«ልጄ» አሉ አቶ ባዘዘው፤ ድምፃቸው አሁን የምክር ሳይሆን የትእዛዝ ነበር። «ሰውየው ጎንበስ ካለልሽ በኋላ አንገቱ ላይ አትቁሚ። ነውር ነው። ተነሺ፣ ጉልበቱን ሳሚ።»

ሁሉም ጠበቁ። ሰናይት ተነሥታ ጎንበስ አለች። እንድሪያስ ጉልበቱ ሳይደርስ በሁለት እጁ ይዞ አነሣትና ጉንጯን ሳማት፤ ዓይኑን ግን ዓይኗ ላይ አላሳረፈም። ብርቅዬ እልል አለች። አቶ ባዘዘው ሁለተኛውን ምርቃት ጀመሩ፤ የተቋጠረው ተፈታ፣ የተሰበረው ተጠገነ። ከጓዳው የዓሣው ሽታ መጣ።

«እንግዲህ» አሉ ዶክተር ሀብተሚካኤል በደስታ፣ «ሰኞ ጠዋት ያችን ሐ ወደ ለ ቀይሪልኝ። በጥንቃቄ ይወሰድ ብለሽ ከግርጌው አንድ መስመር ጻፊበት፤ ያንቺም ድካም አይቅር።» ከዚያ እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ። ኤርጫፎ ወረቀቱን አቀበላቸው፤ ጭናቸው ላይ አድርገው ነጠብጣቡ ላይ «ግማሽ» ብለው ጻፉና መለሱለት። ወረቀቱ ላይ የግርጌ መስመር የሚሆን ቦታ አልነበረም።

ብርቅዬ ትሪውን ይዛ ወጣች፤ ሰናይት የእጅ ማስታጠቢያውን አንሥታ ከአቶ ባዘዘው ጀመረች። ኤርጫፎ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከላዩ ላይ ቀና ብሎ ወደ ሰናይት ተመለከተ፤ እርሷም አየችው። ጆጉ በእጇ ነው፣ የአቶ ባዘዘው መዳፎች ከሥሩ ተዘርግተዋል። «ጨምሪበት ልጄ፣ ሳሙናው አልለቀቀም» አሏት። ጨመረች።

ዶክተሩ የጫሞ ዓሣ ነው ብለው ጀመሩ፤ እንድሪያስ ቀስ ብሎ የአባያ ነው አለ። ብርቅዬ ከትከሻው ላይ የወደቀ ነገር እንዳራገፈች አስመስላ ባሏን ዳበሰችው፤ አቶ ባዘዘው አጥንቱን አይተው የሐይቁን ስም የሚናገር ሰው ጨንቻ እንደሚያውቁ ማውራት ያዙ። ኤርጫፎ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ኮቱ ውስጥ ከተተ። ወደ ተራራው የሚወጣው የመጨረሻ መኪና ሳያመልጠው መድረስ አለበት። ብድግ ብሎ ወደ ተቀመጡት ጎንበስ አለ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ፣ ጃንጥላውን ከበሩ ጀርባ አንሥቶ ወጣ። ብርቅዬ እሱ የተነሣባትን በርጩማ ወደ ጠረጴዛው ሳበችና የበርበሬ ዳጣውን ሳህን አስቀመጠችባት።